ስኳር የተቆለፈበት ቡፌ

«እሳቸው እዚህ እያሉ ይሄ ነገር አይሆንም» ስትል ሰሟት፣ ምራታቸውን። ልጃቸው ደግሞ «ቀስ በይ፣ ትሰማለች» አላት። ከዚያ የመኝታ ቤቱ በር ከውስጥ ተዘጋ።

እትዬ ዳቦ ጆሮ ጠቢ አይደሉም። ጠዋት ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ፊታቸውን ሊታጠቡ ሲያልፉ በሩን ገርበብ ብሎ አገኙት፣ ያ ብቻ ነው። ቆመው ማዳመጣቸውን ግን አይክዱም፤ በገዛ ልጁ ቤት ስለ ራሱ ሲወራ እየሰማ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ካለ ይምጣና ያስተምራቸው። ፊታቸውን ሳይታጠቡ ወደ ክፍላቸው ተመለሱና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ይሄ ነገር» የተባለው ምን እንደሆነ ለመገመት ብዙ አልደከሙም። ነገሩ ክፍሉ ነው። ሁለት መስኮት ያለው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ብርሃን የማይለየው ይኸው ክፍል። ምራታቸው መጋረጃ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋና የጨርቅ ጥቅልሎቿ ሳሎኑን ሞልተውት ሰው ሲመጣ ለመቀመጫ ጨርቅ መግፋት ግድ ነው። እንዲህ ያለች ሴት፣ እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ አንዲት አሮጊት ብቻዋን ተንሰራፍታ ስትተኛ እያየች እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል?

ሰፈሩ «እትዬ ዳቦ» የሚላቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዳቦ ቤት ባንኮ ኋላ ቆመው ስለኖሩ ነው። ከእጃቸው ያልበላ የሰፈር ልጅ የለም። ሰውን የሚያዩት በአበላሉ ነው፤ ደህና የሚበላ ደህና ነው፣ የማይበላ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። በዚህ ዓይን ሲያዩት ልጃቸው ሰሞኑን ደህና አይደለም። እራት ላይ ሳህኑን ገፋ ያደርጋል። ድሮ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚያሟሟው ሰውዬ ሻዩን መራራውን ይጠጣል። ነጩ ዳቦ ከቤት ጠፍቶ በምትኩ ጠቆር ያለ፣ ገለባ ገለባ የሚል፣ እትዬ ዳቦ በሥራ ዘመናቸው ለማንም ለመሸጥ የሚያፍሩበት ዓይነት ዳቦ ገብቷል። ማታ ማታ ደግሞ እራት እንደተነሳ ባልና ሚስት ተያይዘው ይወጣሉ፤ «ትንሽ በእግራችን ልንዘዋወር ነው» ይላሉ። ቤት ያለው ሰው በዚያ ሰዓት ምን ቆርጦት ነው የሚዘዋወረው? እሳቸው የማይሰሙት ወሬ ቢኖር ነው እንጂ።

ሁሉም አልበቃ ብሎ ትናንት ቡፌው ላይ ጓጉንቸር ተንጠለጠለ። ቡፌው የሟች ባለቤታቸው የእጅ ሥራ ነው። አናጢ ነበር፤ የሰውን ጣሪያና በር ሲሠራ ኖሮ ለገዛ ቤቱ የሠራው ይሄንን አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ልጃቸው ጋ ሲገቡ ከአሮጌው ቤት ይዘውት የመጡት ትልቅ ዕቃ እሱ ብቻ ነው። ያን የመሰለ ለስላሳ እንጨት በስተው ብረት ሲያስሩበት ስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጠው ዓይናቸው እያየ ነበር፣ አንድም ሰው «ልንቆልፈው ነው» አላላቸውም። እሳቸውም «ለምን?» አላሉም። በዚህ ቤት ያልተባለ ነገር ሁሉ እንዲሁ ሳይባል ይኖራል።

ቁርስ ላይ ምራታቸው የተቀቀለ እንቁላልና ያንን ጠቆር ያለ ዳቦ አቀረበች። እትዬ ዳቦ ሻያቸውን ቀመሱና አስቀመጡት።

«ስኳር ላምጣልዎ እማማ?» አለችና ቁልፉን ከሽርጧ ኪስ አወጣች። ቡፌውን ከፈተች፣ ጣሳውን አወጣች፣ «ስንት ልጨምርልዎ?» ብላ በማንኪያ ጨመረችላቸው፣ ጣሳውን መለሰች፣ ቆለፈች። በትህትና ነው ያደረገችው፣ ያ ነው ይበልጥ ያበሸቃቸው። በልጃቸው ቤት ስኳር እንደ መድኃኒት በማንኪያ ተለክቶ ተሰጣቸው። ሌባ ናቸው ማለት ነው። ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት፤ እሱ እንቁላሉን እየላጠ ነው፣ ስለ እንቁላሉ ብቻ የሚያስብ ይመስላል።

ጫማውን ሊያስር ሲያጎነብስ ደግሞ ከኮሌታው በላይ አንገቱን አዩት። ጠቁሯል። እጥፋቱ ላይ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። «አንገትህን ለምን አትታሸውም?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ምራታቸውን በጎሪጥ አይተው ዘጉት። ባል አንገቱ ሲያድፍ የማታይ ሚስት ስኳር ለመቆለፍ ጊዜ አላት!

ረፋዱ ላይ ምራታቸው ስፌት መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ እትዬ ዳቦ ተዘጋጁ። አልጋቸው ሥር የገዛ ስኳራቸው አለ፤ ከቡፌው ጓጉንቸር በፊት ነገር ሸቷቸው የገዙት ነው። ፔርሙሱን ጣፋጭ ሻይ ሞሉና ወጡ። ልጃቸው የሚሠራበት የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ሩቅ አይደለም፣ መንገዱም በድሮው ዳቦ ቤታቸው በኩል ነው። እንደ ልማዳቸው ሁለት ጣፋጭ ዳቦ ገዙ፤ ዋጋው ጨምሮ ዳቦው አንሷል፣ ሻጯ ልጅም «ከፋብሪካው ነው» ከማለት በቀር መልስ የላትም። እሳቸው በነበሩበት ጊዜ እንዲህ ያለ መልስ ለደንበኛ አይሰጥም ነበር። ጥግ ላይ ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤታቸው በሯ ላይ ቆማ ፎጣ ታሰጣለች። የቡፌውን ነገር አጫወቷት። ማጫወታቸው ደግሞ እንድታጽናናቸው ነበር።

«ዛሬ ስኳር ነው፣ ነገ የክፍልዎ በር ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ ከንፈሯን መጥጣ። «እኔ ጋ የምትመጣ አንዲት ሴት አለች፤ እንዲህ እንዲህ ብለው ጀምረው ነው አዛውንቶች ማደሪያ የወሰዷት። ንቁ እትዬ ዳቦ!»

ነቅተው ነው ከዚያ የሄዱት። ማሰልጠኛው በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ቀይና ነጭ የተቀቡ እንጨቶች ተተክለውበታል፣ ሰልጣኞች ወደ ኋላ እየነዱ ይገጯቸዋል። ልጃቸው ቀኑን ሙሉ ከሰልጣኙ ጎን ተቀምጦ፣ በእሱ በኩል ባለው ሁለተኛው ፍሬን ላይ እግሩን አሳርፎ ነው የሚውለው። ከዚህ የተነሳ ሜዳው ላይ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ፍሬኑ» ነው የሚሉት። የዕረፍት ሰዓት ስለነበር መኪናው ባዶውን ቆሟል። ፍሬኑ ግን ሻይ ክበቡ ውስጥ የለም። ብቻውን የቆርቆሮውን አጥር እየታከከ በፍጥነት ይራመዳል። ጥግ ሲደርስ ይታጠፍና ይቀጥላል። ላብ አጥምቆታል።

እትዬ ዳቦ ደነገጡ። የሚጨነቅ ሰው ነው እንዲህ የሚዞረው። ሰላም ያጣ ሰው ነው።

«ልጄ፣ ምን ሆነሃል?»

«ምንም እማዬ። እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ በዚህ ፀሐይ ለምን ደከምሽ?»

ዳቦውን አወጡ። ልጃቸው ዳቦውን አየው፣ እሳቸውን አያቸው። «በኋላ እበላዋለሁ» አለ።

«አሁን ብላ። በሞቴ! አንዷን እንኳ ዓይኔ እያየ።»

በሞቴ ካሉት እምቢ ማለት አያውቅም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። አንዱን በላ። ሲያኝክ ወደ አጥሩ እያየ ነበር። የደስ ደስ ያለው አበላል አልነበረም፣ ግን በላ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ ራሱንም ዳሰሱት። ሰዓቱ ደርሶ ሰልጣኙ ሲጠራው ሁለተኛውን ዳቦ በወረቀቱ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። እትዬ ዳቦ መንገድ ከጀመሩ በኋላ ፔርሙሳቸውን መርሳታቸው ትዝ አላቸውና ተመለሱ። በሩ ላይ ዘበኛው ተቀምጦ በወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ ዳቦ ይገምጣል።

«እማማ! እጅዎን ይባርከው» አለ ዘበኛው አፉን ሞልቶ። «እኔን ያፋፋኝ እኮ የእርስዎ ዳቦ ነው። ፍሬኑ አንዳንድ ቀን አላስችል ሲለው ራሱ ይበላዋል፣ አለበለዚያ የእኔ ነው።» እየሳቀ ወደ ሜዳው ጠቆመ። «ይሄ ዙረቱ ደግሞ! መጀመሪያ ጊዜ ቁልፍ የጠፋበት መስሎኝ አብሬው መሬት መሬት እያየሁ ስዞር ነበር።»

እትዬ ዳቦ ፔርሙሱን ተቀብለው ወጡ። ዘበኛው ያለው ቀልድ ጆሯቸው አልገባም። ልጃቸው የእሳቸውን ምግብ ለሰው እየሰጠ ነው። ከእናቱ እጅ መብላት ፈርቷል ማለት ነው። ማን አስፈራው? «እናትህ የምትሰጥህን አትብላ» ያለችው ማን ናት? መርዝ ያበሉታል ብላ ነው? ክፍሉን ቢወስዱባቸው ይሻላቸው ነበር። ልጃቸውን ከወሰዱባቸው ምን ቀራቸው?

ቤት ሲደርሱ ስፌት መኪናው ዝም ብሏል። ምራታቸው የተሰፋ መጋረጃ ልታደርስ ወጥታለች። እትዬ ዳቦ በቀጥታ ወደ ክፍላቸው ገብተው የባለቤታቸውን የሥራ ሣጥን ከፈቱ። መጋዙም መዶሻውም ተሰጥቶ አልቋል፤ ከሁሉ ያስቀሩት አንድ እጀታው የተሰነጠቀ ካቻቢቴ ነው። ቡፌው ፊት ተንበረከኩና የጓጉንቸሩን ማሰሪያ ብሎኖች አንድ በአንድ ይፈቱ ጀመር። ሥራውን ያውቁታል፤ የአናጢ ሚስት ናቸው። ዛሬ የተደበቀው ይወጣል። ወርቅ ይሁን፣ የቤት ሽያጭ ውል ይሁን፣ ምን ይሁን፣ ያዩታል።

ቡፌው ተከፈተ። ውስጡ የስኳር ጣሳው አለ። ማርማላታ አለ። ብስኩት፣ ለእንግዳ የሚቀመጠው ከረሜላ፣ ነጭ ዱቄት፣ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ። ሌላ ምንም የለም። እጃቸውን እስከ ጥጉ ሰደው ዳሰሱ፤ ባለቤታቸው የላገውን እንጨት ብቻ ነው ያገኙት።

ግራ ገባቸው። ዞር ብለው ቤቱን አዩ። የዘይቱ ጀሪካን መሬት ላይ እንዳለ ነው። እንቁላሉ፣ ሥጋው፣ ያ ሁሉ ውድ ነገር ማቀዝቀዣው ውስጥ ሳይቆለፍ ተቀምጧል። ሌባ የሚፈራ ሰው ሥጋውን ትቶ ከረሜላ ይቆልፋል? እንደገና ወደ ቡፌው ዞሩ። ስኳር፣ ማርማላታ፣ ብስኩት፣ ነጭ ዱቄት፣ ለስላሳ። እነዚህን ነገሮች እንዲህ አንድ ላይ ሆነው ሲጠሩ ሰምተው ያውቃሉ። ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መነጽር ያደረገ ሐኪም፣ «ከቤት አውጧቸው» እያለ። ከዚያ የልጃቸው አንገት መጣባቸው። የባለቤታቸውም አንገት እንዲሁ ነበር። የእንጨት አቧራ ነው ብለው ሳሙና ደፍተው ሲፈትጉት፣ ቆዳው እስኪቀላ ሲፈትጉት፣ አልለቅ ይላቸው ነበር።

ካቻቢቴው ከእጃቸው ወደቀ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ እንዳሉ ምራታቸው ገባች።

ቡፌውን አየች፣ ብሎኖቹን አየች፣ ጨርቅ የያዘችበትን ቦርሳ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «እማማ፣ ቢነግሩኝ እኮ እከፍትልዎት ነበር።»

«ለማን ነው የቆለፍሽው?»

ምራታቸው ብሎኖቹን ከመሬት ትለቅም ጀመር።

«ለእኔ አይደለም፣ አይደል?»

«ለእሱ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሌሊት ተነስቶ ይበላል። እርስዎም ያበሉታል። ሁለታችሁን አልቻልኳችሁም።» የለቀመቻቸውን ብሎኖች ቡፌው ላይ አስቀመጠች። «ሌላውን እሱ ይንገርዎ። እንዳልናገር ቃል አስገብቶኛል።»

ልጃቸው እስኪመጣ ምራታቸው ስፌቷ ላይ ተቀመጠች፣ እሳቸው ክፍላቸው ገቡ። የስፌት መኪናው ትንሽ ሮጦ ይቆማል፣ እንደገና ይሮጣል። እትዬ ዳቦ በሁለቱ መስኮቶች ብርሃኑ ሲቀንስ እያዩ ቀኑን ሙሉ ሲጠረጥሯት የዋሉትን ሴት ስትንሰቀሰቅ ሰሟት፣ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰሟት። አፈሩ። ተነስተው ወጥተው «ይቅር በይኝ» ለማለት ፈለጉ፣ በሩ ድረስ ሄደው ግን ተመለሱ። ይቅርታው ብቻ ቢሆን በቀለላቸው።

ልጃቸው ሲገባ ቡፌው እንደተከፈተ አገኘው። እትዬ ዳቦም ከክፍላቸው ወጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የሁለቱን ሴቶች ፊት አየና እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ እንዳትደነግጪ። ስኳር አልያዘኝም» አለ። «ገና ነው። የሥራ ፈቃዴን ለማሳደስ ጤና ምርመራ ስሄድ ሐኪሙ መጀመሪያ ያየው አንገቴን ነው፤ መጥቆሩ ምልክት ነው አለኝ። ከዚያ ደሜን አዩት። ኢንሱሊን የሚባል ነገር አለ፤ የምንበላውን ስኳር ከደም አውጥቶ ወደ ሰውነት የሚያስገባው እሱ ነው። አሁን የእኔ ሰውነት እሱን መስማት ትቷል።»

«አልገባኝም።»

«እንዴት ልበልሽ... ፍሬኑ የላላ መኪና ታውቂያለሽ? ድሮ ነካ ስታደርጊው ይይዝ የነበረው፣ አሁን እስከ ታች ካልረገጥሽው አይዝም። መኪናው እስካሁን ይቆማል፣ አልተጋጨሁም። ግን የረጋጩ ድካም በየቀኑ እየባሰ ነው። ረጋጩ ኢንሱሊኑን የሚሠራው ቆሽት ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው አብዝቶ እየሠራ ነው። አንድ ቀን ከደከመው ያኔ ስኳር በሽታ ይሆናል።» ሆዱን መታ መታ አደረገ። «ይሄ ሲቀንስ፣ በእግሬ ስሄድ፣ ጣፋጩን ስተው ፍሬኑ ተመልሶ ይጠብቃል ብለውኛል። ማታ የምንወጣው ለዚያ ነው። ቀን ቀን ተቀምጬ ነው የምውለው አይደል?»

«ይጠብቃል ብለውት ነው እንግዲህ ሌሊት ማርማላታ በጣቱ የሚልሰው» አለች ምራታቸው ከመኪናዋ ሳትነሳ። «ስቆጣው ምን እንደሚለኝ ይጠይቁት።»

ልጁ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሐኪሙ በቤተሰብ ስኳር ያለበት ሰው አለ ወይ ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። አባትህስ ሲለኝ አባቴ ሚስማር ወግቶት አመርቅዞ ነው የሞተው አልኩት። ታዲያ በዘሬ ከሌለ ይሄን ያህል...»

ትከሻውን ነቀነቀ። እትዬ ዳቦ ሽርጣቸውን በጣታቸው ያጥፉና ይዘረጋሉ። አሁን ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም። የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን ሁሉ ዘመን እንደኖሩት መኖር ይችላሉ፤ ልጁም «በዘሬ የለም» እያለ ሌሊት ይነሳል፣ እሳቸውም ነገ ዳቦ ያደርሱለታል።

«ሚስማሩ ውሸት አይደለም» አሉ።

ልጁ ቀና አለ።

«ወግቶታል። ጠዋት ከሥራ ቦታ ነው የወጋው። ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ሲመታ ውሎ፣ መሰላል ሲወጣ ሲወርድ ውሎ፣ ማታ በእግሩ እዚህ ድረስ... ያኔ ቤታችን ድረስ መጣ። ጫማውን ያወለቅኩለት እኔ ነኝ። ካልሲው በደም ተጣብቆ ነበር። ሚስማሩ ከሶሉ አልፎ እግሩ ውስጥ ነበር። እሱ ምን አለኝ መሰለህ? ‹ምንድን ነው የምታዪው?› አለኝ።» ወደ ልጃቸው እግር አዩ። «አልተሰማውም ልጄ። ቀኑን ሙሉ ረግጦት ሲዞር አልተሰማውም። ስኳሩ እግሩን አደንዝዞት ነበር።»

ምራታቸው ከመኪናዋ ተነሳች።

«ለማንም እንዳትናገሪ አለኝ። እግሩ የማይሰማውን አናጢ ማን ጣሪያ ላይ ያወጣዋል? ከሞተ በኋላ ደግሞ ላንተ ሚስት እንዳይነፍጉህ ብዬ ዝም አልኩ። ሐኪሙ ከቤት አውጪ ያለኝን ሁሉ ማታ ማታ ከዳቦ ቤት እያመጣሁ አበላሁት። ደስ ይለው ነበር። እኔም ሲበላ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ነገ ሐኪሙ ጋ ሂድና የለም ያልኩህ ውሸት ነው በለው። እኔም አብሬህ እመጣለሁ፣ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ።»

ልጁ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል፤ ልክ አባቱ ሲያዝን እንደሚቀመጠው። ምራታቸው መጥታ አጠገባቸው ቆመች። እትዬ ዳቦ የሽርጧን ጫፍ ያዙ።

«እሳቸው እያሉ አይሆንም ስትይ ሰምቻለሁ። እውነትሽን ነው። ብሎኑን እኔው መልሼ አስረዋለሁ፣ ቁልፉን ግን እንዳትሰጪኝ። በሞቴ ብልሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ።»

ምራታቸው ከት ብላ ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች። እሳቸው ግን እያዩዋት አልነበረም። ከወንበራቸው ወርደው ልጃቸው እግር ሥር ተቀምጠዋል።

«ጫማህን አውልቅ።»

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ተነሺ እንጂ!»

«አውልቅ አልኩህ።»

አወለቀ። ካልሲውንም ራሳቸው ሳቡለት። ይህ እግር ቀኑን ሙሉ ፍሬን ላይ የሚውለው እግር ነው፣ ላብ ላብ ይሸታል፣ ሰፊ ነው፣ የአባቱ እግር ነው። እትዬ ዳቦ ጣታቸውን ከተረከዙ ጀምረው ወደ ላይ በውስጥ እግሩ ላይ ቀስ አድርገው ጎተቱ። ልጁ እግሩን ነጠቃቸው።

«ይኮረኩራል!»

«ተሰማህ?»

«ተሰማኝ እማዬ።»

ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

«ሁለተኛውን አምጣ» አሉት።